የዓመት ተከፍሎ በመንፈቅ ሲቋረጥ፦ የድረ ገጽ ማስተናገጃ ተመላሽ እንዴት ይሰላል?

የሐዋሳን የእንግዳ ማረፊያ ሥራ የሚያውቅ ሰው ገቢው ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደማይፈስ ያውቃል። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ፣ በፍቼ ጫምባላላም ሰሞን፣ አልጋ ለማግኘት ደጅ ይጠናል፤ በሌላው ጊዜ ቁልፉ ከሰሌዳው ሳይወርድ ይውላል። ድረ ገጽ ለማሠራት የሚነሣ ባለቤትም የሚቸኩለው ከበዓል በፊት ነው። መስከረም ላይ የዓመቱን የማስተናገጃ ክፍያ በአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ በዓሉ ይመጣል፣ ያልፋል፤ እንግዶቹ ግን እንደ ድሮው በስልክና በቴሌግራም ይመጣሉ። ጥር ላይ «ይቅርብኝ፤ የቀሪው ጊዜ ገንዘብ ይመለስልኝ» ይላል። ሻጩም «የተከፈለ አይመለስም» ብሎ ይመልሳል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን ክብደቱ ጨምሯል። ሰርቨርና ዶሜይን በአመዛኙ በዶላር የሚገዙ በመሆናቸው የእድሳት ዋጋቸው በብር ሲንር፣ «አያስፈልገኝም» የሚለው ደንበኛም «መመለስ አልችልም» የሚለው ሻጭም ምክንያት አላጡም። ይሁንና ሁለቱም የሚከራከሩት መጨረሻ ላይ ሊመጣ በሚገባው ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ይመለስ አይመለስ ከማለት በፊት መስከረም ላይ ምን እንደተሸጠ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስት ዕቃ በአንድ መስመር

የድረ ገጽ ማስተናገጃ፣ በተለምዶ ዌብ ሆስቲንግ የሚባለው፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ ቦታ መከራየት ነው። ኮምፒውተሩ ሰርቨር ይባላል፤ የማረፊያው ፎቶግራፎች፣ የዋጋ ዝርዝሩና በድርጅቱ ስም የተከፈቱት የኢሜይል ሳጥኖች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ዶሜይን ስሙ ነው፤ እንግዳው በስልኩ ጽፎ ገጹን የሚያገኝበት፣ በዶት ኮም ወይም በዶት ኢቲ የሚያልቅ አድራሻ። ሦስተኛው ጉልበት ነው፤ ገጹን መንደፍ፣ ሰርቨሩ ላይ መጫን፣ ኢሜይሎቹን መክፈት።

ሦስቱ በባሕርያቸው አይገናኙም። ማስተናገጃ በጊዜ የሚሸጥ ነው፤ በየቀኑ እየተበላ ይሄዳል፣ ያልደረሰው ቀን ገና አልተነካም። ዶሜይን በተመዘገበበት ደቂቃ ተገዝቶ ያለቀ ነው። ጉልበትም እንደዚያው፤ የተሠራ ሥራ ተመልሶ አይፈታም። ፕሮ ራታ የሚባለው ስሌት፣ ከላቲን የመጣውና «በድርሻው ልክ» ማለት የሆነው፣ የሚሠራው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፤ የተከፈለውን ለጠቅላላው ቀን ማካፈል፣ ከዚያም ባልተበላው ቀን ማባዛት።

ደረሰኙ ሲታይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነበበው አንድ መስመር ነው፦ «የድረ ገጽ አገልግሎት፣ ለ1 ዓመት»፤ ከጎኑ አንድ ድምር። ደንበኛው ይህን ሲያነብ ሁሉም በጊዜ የተሸጠለት ይመስለዋል፤ ሻጩ ሁሉንም ያለቀ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ጥር ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ የተዘራው መስከረም ላይ፣ በዚህች መስመር ነው።

ማስተናገጃ የሚሸጡ ትንንሽ ድርጅቶች በአመዛኙ የራሳቸው ሰርቨር እንደሌላቸውም መታወቅ አለበት። ከውጭ አገር ኩባንያ ሰፊ ቦታ ይወስዱና ቆራርሰው ይሸጣሉ፤ ሪሴለር ይባላሉ። ሕንፃ በጅምላ ተከራይቶ ክፍል በክፍል የሚያከራይ ሰው ማለት ናቸው። አንድ ተከራይ ወጣ ተብሎ የሕንፃው ኪራይ አይቀንስላቸውም። በአንድ ሰርቨር ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ አንዱ ሲለቅ የሚቆጥቡት ወጪ ከቁጥር አይገባም። ትንሽ ልዩነት ያመጣው ሲፓነል የተባለው የሰርቨር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የፈቃድ ዋጋውን በሚስተናገዱት አካውንቶች ብዛት እንዲሰላ ስላደረገ፣ የወጣ ደንበኛ ቢያንስ ከዚያ ሂሳብ ላይ ይቀነሳል። «አይመለስም» የሚለው ሻጭ ክፋት ብቻ ነው የሚያናግረው ማለት አይቻልም።

አንድ ክፍያ፣ አራት መልስ

ነገሩን በቁጥር እንየው። ዋጋዎቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ለአንድ ዓመት ማስተናገጃ 10,950 ብር፣ ለዶሜይን 2,400 ብር ከፈለ እንበል። በሁለቱ ድምር ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ 2,002 ብር ከ50 ሲጨመር በጠቅላላ 15,352 ብር ከ50 ይሆናል። ጥር 15 ቀን የማቋረጫ ደብዳቤ አስገባ። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 15፣ ደብዳቤው የገባበትን ቀን ጨምሮ፣ 135 ቀን ነው። የ2018 ጳጉሜን 5 ቀን ስለሆነች ዓመቱ 365 ቀን አለው፤ ቀሪው 230 ቀን ነው።

በቀን ከተሰላ ማስተናገጃው በየቀኑ 30 ብር ይወጣዋል። የ230 ቀኑ 6,900 ብር ይመለሳል።

በወር ከተሰላና የተጀመረ ወር እንደ ሙሉ ከተቆጠረ፣ ጥር ተበልቷል ማለት ነው። ቀሪው ሰባት ወር ሲሆን ተመላሹ 6,387 ብር ከ50 ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ ሻጮች የሚወዱት ነው። የዓመት ዋጋው ቅናሽ ያለበት ነው ይላሉ። በየወሩ ለሚከፍል ሰው ወሩ 1,300 ብር ቢሆን፣ ዓመቱ 15,600 ይመጣ ነበር፤ 10,950 የተባለው ዓመቱን እቆያለሁ ስላልክ ነው። ካልቆየህ የተጠቀምክባቸውን አምስት ወራት በወር ዋጋ ትከፍላለህ፤ 6,500 ብር። የሚመለስልህ 4,450 ብቻ ነው። አራተኛው መልስ ዜሮ ነው።

ከ6,900 እስከ ዜሮ የሚደርሰው ርቀት የተፈጠረው ማንም ሳይዋሽ ነው፤ የስሌቱን መንገድ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ስላልነበረ ነው። ከአራቱ ብዙ የሚያነጋግረው ሦስተኛው ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ በጅምላ ዋጋ ተስማምቶ ከፍሎ፣ ሃያ ኪሎውን ካስፈጨ በኋላ ቀሪውን የሚመልስ ሰው፣ ያስፈጨውን በጅምላ ዋጋ ይክፈል ወይስ በችርቻሮ? ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «በችርቻሮ» ማለቱ አይቀርም፤ የሻጩ ክርክርም ከዚህ ነው ጉልበት የሚያገኘው። ክርክሩ የሚጸናው ግን የችርቻሮው ዋጋ በግዢው ቀን ተነግሮ ከነበረ ነው። በየወሩ የሚከፍል አንድም ደንበኛ የሌለው ድርጅት፣ ደብዳቤ ሲመጣለት «የወር ዋጋችን 1,300 ነው» ቢል፣ ያ ዋጋ ሳይሆን ቅጣት ነው፤ ቅጣት ደግሞ ቀድሞ ካልተስማሙበት አይጣልም።

ስሌቱ የራሱ እንግዳ ጠባይም አለው። ደንበኛው በዘጠነኛው ወር ቢያቋርጥ ዘጠኝ ጊዜ 1,300 ብር 11,700 ይሆናል፤ ከከፈለው ይበልጣል። ስለዚህ ስሌቱ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ሊመለስለት የመጣ ሰው ባለዕዳ ሆኖ ይወጣል።

ጳጉሜን የማን ናት?

በእኛ አገር ደመወዝም የቤት ኪራይም የሚታሰበው በ12 ወር ነው፤ ጳጉሜን በልማድ ሳትከፈል ታልፋለች። የማስተናገጃ ሶፍትዌሮች ይህን ልማድ አያውቁም፤ የሚቆጥሩት በፈረንጆቹ ቀን ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የጳጉሜን አምስት ቀናት 150 ብር ናቸው፤ የሚያጣላ አይመስልም። የሚያጣላው ወሩ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። ደንበኛው ያቋረጠው ጥር 15 ሳይሆን ጥር 2 ነው እንበል። በእኛ አቆጣጠር አምስተኛው ወር ተጀምሯል፤ በሶፍትዌሩ አቆጣጠር ግን ቀኑ ጃንዋሪ 10 ስለሆነ የአራተኛው ወር የመጨረሻ ቀን ነው። ያው ቀን፣ ያው ደብዳቤ፣ የአንድ ወር ልዩነት፤ በወር ዋጋ ለሚያሰላ ሻጭ 1,300 ብር። የደንበኛው ደብዳቤ በኢትዮጵያ ቀን ተጽፎ የድርጅቱ ሥርዓት በፈረንጆቹ ሲመዘግበው ይህ በየጊዜው ያጋጥማል። አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ ከዋክብት ቆጣሪዎች የፍቼን ቀን ሰማዩን እያዩ በሚወስኑበት አካባቢ የቀን አቆጣጠር መብዛት ብርቅ አይደለም፤ ውል ላይ ሲመጣ ግን አንዱን መርጦ መጻፍ ግድ ነው። ቀላሉ መፍትሔ ወርን ትቶ በቀን ማሰብ ነው፤ 135 ቀን በየትኛውም አቆጣጠር 135 ቀን ነው።

ዶሜይኑ ለምን ይቀራል?

የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ዶት ኮምን በመሳሰሉት አጠቃላይ ስሞች ላይ አዲስ ስም ያስመዘገበ መዝጋቢ ድርጅት በአምስት ቀን ውስጥ ከሰረዘው የከፈለው ይመለስለታል። አምስት ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ የስሞቹን ዋና መዝገብ ከሚይዘው ድርጅት እጅ አይወጣም። የዶት ኮምን መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን ከመዝጋቢዎች የሚቀበለው የአንድ ዓመት ዋጋ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነው፤ የሐዋሳው ሻጭ ከዚህ ላይ የመዝጋቢውን ትርፍ ጨምሮ ከፍሏል። ጥር ላይ «የዶሜይኑንም ግማሽ» ቢባል ከኪሱ ነው የሚያወጣው። እዚህ ላይ ሻጩ ትክክል ነው።

ትክክል የሚሆነው ግን ስሙን ለደንበኛው ከተወለት ነው። የስሙ የዓመት ዋጋ ከተመላሹ ተቀንሶ ስሙም በሻጩ እጅ ከቀረ አንድ ዕቃ ሁለቴ ተሸጠ ማለት ነው። ስሙን ወደ ሌላ መዝጋቢ ለማዛወር የሚያስፈልገው የይለፍ ኮድ ደንበኛው በጠየቀ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በተለመደው አሠራር አዲስ የተመዘገበ ስም ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ሊቆለፍ ይችላል፤ በምሳሌያችን ያ ጊዜ ኅዳር መጀመሪያ ላይ አልፏልና ሰበብ አይሆንም። «ዶሜይኑ በነጻ ነው» ተብሎ የተሸጠ ጥቅልም ከዚህ አያመልጥም። ብዙ የውጭ ኩባንያዎች ደንበኛው ቀድሞ ሲያቋርጥ የነጻውን ዶሜይን መደበኛ ዋጋ ከተመላሹ ላይ ያነሣሉ። ይህ የሚያስቆጣው ዋጋው ትንሽም ትልቅም ስለሆነ አይደለም፤ «ነጻ» የሚለው ቃል ቀን ጠብቆ ዋጋ ስለሚያወጣ ነው።

ዶላሩ ሲንቀሳቀስ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ግድም የነበረው የዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሰኔ ላይ የዓመት ክፍያ ሰብስቦ የሰርቨሩን ኪራይ በየወሩ በዶላር የሚከፍል ሪሴለር ምን እንደደረሰበት ለመገመት አያስቸግርም፤ የ100 ዶላር ቦታ ሲሸጥ 5,700 ብር ያወጣ የነበረው በአዲሱ ተመን ከ10,000 ብር በላይ ሆኖበታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በውይይት ብዙም አይነሣም። በዚያ ሰሞን ያቋረጠ ደንበኛ ለሪሴለሩ ዕዳ ሳይሆን ዕፎይታ ነበር። በአሮጌ ዋጋ የተያዘው ቦታ ተለቆ በአዲሱ ዋጋ ለሌላ ይሸጣልና። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀኑን ሂሳብ አስልቶ መመለስ ለሻጩ ያዋጣል፤ «ከመለስኩ እከስራለሁ» የሚለው መከራከሪያ ውሃ አያነሣም። ምንዛሪው ረግቶ ገበያው ሲቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ የተለቀቀው ቦታ ባዶውን ይቀመጣል፣ ሻጩም ደንበኛውን አጥብቆ መያዝ ይፈልጋል። ቋሚ መርሕ ነው የሚባለው «አይመለስም» እንግዲህ ከወቅቱ ጋር የሚለዋወጥ ጥቅም አለበት።

በየትኛው ተመን ይመለስ የሚለውም ያወዛግባል። ዋጋው በብር ተነግሮ በብር ከተከፈለ ተመላሹም በብር፣ በተከፈለው ልክ ተሰልቶ ነው የሚሆነው። ደንበኛው «ስከፍል ይህን ያህል ዶላር ነበር» ማለት አይችልም፤ ሻጩም ያለፉትን ወራት በአዲሱ ዋጋ ልተምን ማለት አይችልም። በቀጥታ ከውጭ ኩባንያ በባንክ ካርድ ለገዛ ሰው ሁኔታው የተለየ ነው። ገንዘቡ ወደዚያው ካርድ ሲመለስ በዕለቱ ተመን ስለሚመነዘር በብር የከፈለውንና በብር የተመለሰለትን አንድ ሆኖ አያገኘውም። የውጭ ኩባንያዎች በብዛት የሚሰጡት የ30 ቀን ሙሉ ተመላሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ምንም አይመልሱም።

ሕጉ ከየት ወዴት ይደርሳል?

«በቅድሚያ የተከፈለ አይመለስም» የሚለው አነጋገር ከቀብድ ጋር የተቀላቀለ ይመስላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን መተው ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ግን የውል መያዣ ነው። የዓመት አገልግሎት ሙሉ ዋጋ አስቀድሞ መክፈል ቅድመ ክፍያ ነው፤ ቀብድ ነው ተብሎ ካልተጻፈ በስተቀር የቀብድ ደንብ አይከተለውም። እንዲያውም «ቀብድ ነው» የሚል ሻጭ፣ ራሱ አገልግሎቱን ቢያቋርጥ እጥፍ እንደሚከፍል ማሰብ ይኖርበታል።

የዚያው ሕግ ቁጥር 1731 በአግባቡ የተመሠረተ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የሚጸና መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ደንበኛው አንብቦ የፈረመው ወረቀት «በማንኛውም ጊዜ ቢቋረጥ ተመላሽ የለም» ካለ ያ ቃል ክብደት አለው። ቁጥር 2162 ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሀብት ወይም ሥራ የበለጸገ ሰው እንዲክስ ያዛል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ፣ ግልጽ የውል ቃል ባለበት ውሉ ራሱ በቂ ምክንያት ስለሚሆን የአላግባብ መበልጸግ ክርክር ይደክማል፤ ውሉ ዝም ባለበት ወይም ደረሰኝ ብቻ በተሰጠበት ይበረታል። በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ትንንሽ ግዢዎች በአብዛኛው የሚፈጸሙት ያለ ጽሑፍ ውል ስለሆነ፣ «ፖሊሲያችን ነው» የሚለው አነጋገር ከሚመስለው በላይ ለስላሳ መሬት ላይ ነው የቆመው።

የሸማች መብት ነው ብሎ ለመሄድ ግን አንድ እንቅፋት አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው። ለማረፊያው ሥራ ድረ ገጽ የገዛ ነጋዴ በዚህ ትርጉም ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። ለልጁ ሠርግ ፎቶግራፎች ገጽ የከፈተ አባት ይገባል፤ ጎረቤቱ ባለሆቴል ላይገባ ይችላል። ለነጋዴው የሚቀረው ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

የውጭውን ልምድ ለማየት ለሚፈልግ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2020 የሰጠው ውሳኔ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ነው። አገልግሎቱ ማስተናገጃ ሳይሆን የትዳርና የጓደኛ ማፈላለጊያ ድረ ገጽ ነበር። አንዲት ደንበኛ ለ12 ወር አባልነት 523 ዩሮ ከ95 ተስማምታ በአራተኛው ቀን ውሏን ተወች፤ በኅብረቱ ሕግ ሸማች በርቀት የገባውን ውል በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መተው ይችላል። ኩባንያው «ዋናውን ጥቅም ገና በመጀመሪያው ቀን ሰጥቻታለሁ» በሚል ስሜት 392 ዩሮ ከ96 ጠየቀ፤ የዋጋውን ሦስት አራተኛ። በቀን ሲሰላ ድርሻዋ 6 ዩሮ እንኳ አይሞላም ነበር። ፍርድ ቤቱ መሠረቱ የጊዜ ድርሻ ነው አለ። ከዚህ መርሕ ውጭ የሚሆነው፣ ውሉ አንዱን አገልግሎት ለይቶ፣ ገና ከጅምሩ በሙሉ እንደሚሰጥና የራሱ ዋጋ እንዳለው በግልጽ ካስቀመጠ ነው።

ውሳኔው እዚህ አያስገድድም፤ ምክንያቱ ግን ከላይ ካየናት የደረሰኝ መስመር ጋር ይገጥማል። ዶሜይኑንና ጉልበቱን ለይቶ ዋጋ የጻፈባቸው ሻጭ እነሱን ማስቀረት ይችላል። ሁሉን በአንድ ድምር የጻፈ ሻጭ ጠቅላላው በቀን ተሰልቶ ቢጠየቅ የሚከራከርበት የለውም። በእኔ ግምት የዝርዝር ደረሰኝ ከደንበኛው ይልቅ የሚጠቅመው ሻጩን ነው፤ ሻጮቻችን ይህን ያስተዋሉት አይመስልም።

ታክሱና መዝገቡ

6,900 ብር ይመለስ ከተባለ ታክሱም አብሮ ይመለሳል፤ 15 በመቶው 1,035 ብር ስለሆነ ደንበኛው እጅ የሚገባው 7,935 ነው። ሻጩ የሰበሰበውን ታክስ ቀድሞ ለገቢዎች አስታውቆ ከፍሎ ከሆነ፣ የሽያጩን መቀነስ የሚያሳይ የክሬዲት ማስታወሻ ቆርጦ በቀጣይ ማስታወቂያው ማስተካከል አለበት። ይህን ያላደረገ 1,035 ብሩን ከራሱ ኪስ ሰጠ ማለት ነው። ደንበኛውም ለታክስ የተመዘገበ ከሆነና መስከረም ላይ ያቀናነሰው ካለ በዚያው ልክ ይመልሳል። አንዳንድ ሻጮች በጥሬ ገንዘብ ከመመለስ ይልቅ «ለሌላ አገልግሎት እናስብልህ» የሚሉት ይህን ወረቀት ሽሽት ጭምር ነው።

ስለ ሂሳብ መዝገብ አንድ ነገር እንጨምር። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ፣ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 በአገራችን እንዲሠራበት የተደረገው፣ አስቀድሞ የተሰበሰበን የአገልግሎት ክፍያ ወዲያው ገቢ አያደርገውም። አገልግሎቱ እስኪሰጥ ድረስ በዕዳ በኩል ይቀመጣል። ይህ ብቻውን ገንዘቡ ይመለስ አያሰኝም፤ ዕዳው አገልግሎት የመስጠት ዕዳ ነውና። መስከረም ላይ የዓመቱን ሙሉ ክፍያ እንደ ትርፍ ቆጥሮ ያጠፋ ድርጅት ጥር ላይ የሚመልሰው ለምን እንደሚያጣ ግን ያስረዳል።

ጥፋቱ የሻጩ ሲሆን

እስካሁን የተባለው ደንበኛው ሐሳቡን ለለወጠበት ሁኔታ ነው። ሰርቨሩ እየወደቀ፣ ገጹ እየጠፋ ተማሮ ላቋረጠ ሰው የቀን ስሌቱ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ውል ያልተፈጸመለት ወገን ውሉን ከማፍረስ በተጨማሪ ኪሣራ መጠየቅ ይችላል። ችግሩ ማረጋገጡ ላይ ነው። ሻጮች «99.9 በመቶ እንሠራለን» ሲሉ በ30 ቀን ወር ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል መቋረጥ ተፈቅዷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የጠፋውን ለማስረዳት ቀንና ሰዓት የተመዘገበበት ማስረጃ ያስፈልጋል። የከተማው መብራት ወይም የኢንተርኔት መስመሩ በመቋረጡ ገጹ ከሐዋሳ ባይታይ፣ ሰርቨሩ በሌላ አገር እየሠራ ከነበረ፣ ሻጩን ተጠያቂ አያደርግም።

ከደብዳቤው በፊት

ደብሊው ኤች ኤም ሲ ኤስ የተባለው፣ ብዙ አስተናጋጆች ሂሳብ የሚይዙበት ፕሮግራም፣ ለሚያቋርጥ ደንበኛ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ ወዲያውኑ ወይም የክፍያው ዘመን ሲያልቅ። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው የተመላሽ ጥያቄ የለውም፤ የከፈለበትን ጊዜ ተጠቅሞ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ አይታደስበትም። ተመላሽ የሚፈልግ የመጀመሪያውን መምረጥ አለበት፤ ያ ማለት ግን ገጹ ብቻ ሳይሆን በሰርቨሩ ላይ ያሉት የኢሜይል ሳጥኖችም አብረው ይዘጋሉ ማለት ነው። በማረፊያው በር ላይ በተሰቀለው ሰሌዳና ለአስጎብኚዎች በታደለው ካርድ ላይ የተጻፈው ኢሜይል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መልእክት አይቀበልም። ለ7,935 ብር ሲባል የታኅሣሥ እንግዶች አድራሻ ሁሉ የተቀመጠበት ሳጥን ሳይገለበጥ ከጠፋ፣ ትርፍና ኪሣራው ሌላ ስሌት ይጠይቃል።

የማቋረጫ ጥያቄው የቀረበበት ቀን የተመላሹ መነሻ ስለሆነ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ስለሚሰጥ በኢሜይል የተላከ ጥያቄ በወረቀት አልተጻፈም ተብሎ ብቻ ውድቅ አይደረግም። የሚላከው ግን ከሚዘጋው ሰርቨር ባይሆን ይሻላል፤ ሳጥኑ ሲጠፋ የተላከበት ቀን ማስረጃም አብሮት ይጠፋል።